ከ«አሜን» ሥር የጠፋው ምርቃት

ቦታው ጎንደር፣ አዘዞ፣ የሙሽሪት ቤት ነው፤ ጊዜው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው የጥር ሰርግ። ሁለት ካሜራ የያዘው የቪዲዮ ቡድን እስከዚያ ድረስ ሥራው ሰምሮለታል። ሚዜዎቹ ደጅ ላይ ተከልክለው ሲጨፍሩም፣ ሙሽራው ሲገባም አንድ ነገር አላመለጠውም። ከዚያ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ቀረቡ፤ የሙሽሪት አያት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መመረቅ ጀመሩ። ምስሉ እንከን አልነበረውም። ኤዲት ላይ ሲከፈት ግን ሕዝቡ «አሜን» ሲል ይሰማል፣ አያት ከተናገሩት ግማሹ የለም።

ሽቦ አልባው ማይክ የተሰካው ሙሽራው ኮት ላይ ነበር። ሙሽራው ጎንበስ ሲል ማይኩ ከጨርቁ ጋር ተፋተገ፤ ዘመድ ደግሞ በእሱና በካሜራው መካከል ግጥግጥ ብሎ ቆመ። ብዙዎቹ ትናንሽ ማይኮች የሚሠሩበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሰው አካል ሲጋርደው ስለሚዳከም ድምፁ እየተቆራረጠ ጠፋ። የቀረው የካሜራው የራሱ ማይክ ነው፣ እሱም አውቶ ላይ፣ ማለትም የድምፁን ልክ ራሱ እንዲያስተካክል ተደርጎ ነበር። አውቶ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል። ምርቃት ደግሞ ቅብብል ነው፦ አያት «ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ይላሉ፤ ቤቱ በሙሉ «አሜን!» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ አያት ሳይጠብቁ ይቀጥላሉ። ማይኩ ገና ዝቅ እንዳለ ቀጣዩ ቃል ያልፋል። «ውለዱ ክበዱ» ካሉት ውስጥ የተሰማው «ክበዱ» ብቻ ነው።

ኬክ ሲቆረስ ቢያመልጥ ሌላ ቁራሽ ይቆረሳል፤ ፋሲል ግቢ የሚነሳው ምስልም በሌላ ቀን ይደገማል። ምርቃት አይደገምም። ቤተሰብ ከዓመታት በኋላ ቪዲዮውን ሲከፍት የሚፈልገው የአያቱን ድምፅ ነው፤ ስሎሞሽንና የድሮን ምስል ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ።

ስለዚህ በምርቃት ሰዓት ማይክ የሚቀመጠው መራቂው ዘንድ ነው። ጋቢ ላይ መሰካት አያዋጣም፤ ሽማግሌ ሲመርቁ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ጋቢው ይንሸራተታል፣ ኮሽታው ድምፃቸውን ይሸፍነዋል። ትንሽ መቅረጫ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በፕላስተር ማሰር ይሻላል፣ ከአፋቸው ግማሽ ሜትር ገደማ። ማስፈቀድ ግን ግድ ነው፤ «አባባ፣ ምርቃትዎ እንዳይጠፋ ይችን ከአጠገብዎ ላስቀምጣት» ሲባሉ እምቢ የሚሉ ሽማግሌ እምብዛም አያጋጥሙም። ቅጂው 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ሆኖ የድምፁ ልኬት ማኑዋል ላይ፣ ማለትም በእጅ የሚስተካከል ይሁን። የሽማግሌው ንግግር በመቅረጫው መለኪያ ላይ -18 ዴሲቤል አካባቢ ቢውል ለ«አሜን»ና ለእልልታው ቦታ ይተርፋል። መቅረጫው ያንኑ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚቀርጽ ሁለተኛ ትራክ ካለው እሱም ይከፈት። ካሜራዎቹ መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ እስከ ምርቃቱ ፍጻሜ አለማቋረጥ ነው፤ ድምፅና ምስል የሚገጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ሞንታርቦው ካልጠፋ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። ካሜራ ማኑ ራሱ ሄዶ ሙዚቃ ዝጉ ቢል ሰርገኛው ይቀየማል። ከአንደኛ ሚዜው ጋር በዋዜማው መነጋገር ነው፤ እሱ ምልክት ሲሰጥ ባለ ሞንታርቦው ያጠፋል፣ ማንም ቅር አይለውም።

 

የአዘዞው ቡድን ለቤተሰቡ እውነቱን ተናግሮ ዘመድ በስልክ የቀረጸውን ጠየቀ። አንዲት የአክስት ልጅ አያት እግር ሥር ተቀምጣ ቀርጻ ኖሯል። ቪዲዮው እንዳይጨመቅ በቴሌግራም እንደ ፋይል ተላከ፤ ድምፁ ብቻ ወጥቶ እያንዳንዱን «አሜን» እየተከተለ ከካሜራው ምስል ጋር ተገጠመ። የስልኩ ድምፅና የካሜራው ምስል ቀስ በቀስ ስለሚለያዩ በየሁለት ሦስት ምርቃቱ እየቆረጡ ማስተካከል ነበረባቸው። ስልኩ ዘግይቶ ስለተከፈተ የመጀመሪያዎቹ ምርቃቶች አልተገኙም፤ ቡድኑም ከክፍያው ቀንሶ ቪዲዮውን አስረከበ።