ክፍልፋይን በአንበሳ እንቅልፍ ማስተማር

አምስተኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምሩ፣ ለእኔ ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ልንገራችሁ፦ የአንድን ብዛት ክፍልፋይ ስታስተምሩ ደንቡን አታስቀድሙ። ቀድሞ እንስሳው ይግባ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ለየቡድኑ 24 ፍሬ ሽምብራ አደልኩ፤ አንዱ ፍሬ አንድ ሰዓት ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ተኝቶና ተጋድሞ ያሳልፋል፤ የ24 አምስት ስድስተኛ መሆኑ ነው። ለአራት ኪሎ ልጅ ደግሞ አንበሳ ሩቅ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ ያየ አይጠፋም። ልጆቹ ሽምብራውን አራት አራት እያደረጉ ስድስት ቦታ ከፈሉና አምስቱን ክምር ወደ እንቅልፍ ገፉት። አንዲት ተማሪ የቀሩትን አራት ፍሬዎች በጣቷ እየነካች፣ "በዚችው ብቻ ነው የሚያድነው?" አለች።

ነገሩ የተበላሸው ሱፐርቫይዘሩ ሲገባ ነው። "ሽምብራ የአንደኛ ክፍል ነው" ብሎ ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለ። "በታችኛው አካፍል፣ በላይኛው አባዛ" ብሎ ጻፈና ክፍሉን በሙሉ እየደጋገመ አስባለ። ተማሪዎቼ ፊት እንዲያ መደረጉ እስካሁን ያንገበግበኛል። መዝገቡ ላይ ደግሞ "መምህሩ ከመመሪያው ወጥቷል" የሚል አሰፈረ።

በማግስቱ የ24ን ሦስት አራተኛ በባዶው ጠየቅሁ። ብዙዎቹ ደንቡን ገልብጠው በ4 አባዝተው በ3 አካፈሉና 32 አመጡ። ቅር ያለው ልጅ አልነበረም። ያንኑ ጥያቄ በዝሆን አመጣሁት፦ ዝሆን ከቀኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲበላ ይውላል፤ ስንት ሰዓት ነው? አሁንም 32 ያለ ነበር፤ ግን ጓደኞቹ ወዲያው ተነሡበት፦ "ቀኑ እኮ 24 ሰዓት ነው!" ራሳቸው አርመው 18 ላይ ደረሱ። ደንብ የሸመደደ ልጅ ስህተቱን የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ዝሆኑን የሚያስብ ልጅ ግን አለው። ለሱፐርቫይዘሩ ይህንን ባስረዳው ደስ ባለኝ፣ ግን ተመልሶ አልመጣም።

ቁጥሩ ያለ ቀሪ የሚካፈል እውነታ ምረጡ፤ "እስከ" እና "ገደማ" ማለትንም አትርሱ፣ ተፈጥሮ ልክ በልክ አይደለችም። ቀይ ቀበሮን ለግምት ተጠቀሙበት፦ በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ ታዲያ ባሌ ያሉት ከስንት ይበልጣሉ? 18/24ን ወደ 3/4 አቃልሉ እያላችሁም አታስጨንቋቸው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። ሲሶን ለማስተማር ሰጎን ትበልጣለች። አንድ የሰጎን እንቁላል 24 የዶሮ እንቁላል ገደማ ይሆናል፤ ሲሶው ስንት የዶሮ እንቁላል እንደሆነ ጠይቋቸውና ዝም በሉ።