ራሱን «አንቱ» ያለው ሰውዬ

ገላዬን ስታጠብ መልስ እሰጣለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መልስ እሰጣለሁ። ሌሊት ባንኜ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ሰው ቢሰማው የሚያጨበጭብለት መልስ እሰጣለሁ። መልሱ ያስፈለገው ግን ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነበር። እዚያ አብሬያቸው ሳቅሁ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ በእንግሊዝኛ ነው። ለምን አትበሉኝ። በሩ ላይ በአማርኛ ስንቦጫጨቅ ቆይተን፣ ወንበር ስበን ስንቀመጥ «ጉድ ሞርኒንግ ኮሊግስ» እንባባላለን። እንግሊዝኛው በዙም ለምትገባ ለአንዲት ፈረንጅ ነው። እሷን ደግሞ ግማሹን ሰዓት ኔትወርክ ይጥላታል። ስለዚህ እርስ በርሳችን፣ ለማንም፣ ላባችን ጠብ እስኪል እንሰቃያለን።

የዚያን ቀን የተነሳው የግዢ መጓተት ነው። የፕሪንተር ቀለም ካለቀ ወራት አልፈዋል። አንድ ገጽ ለማተም መንገድ ተሻግረን ፎቶ ኮፒ ቤት እንሄዳለን፤ ደረሰኝ አምጡ እንባላለን። እጄን አወጣሁና ሌሊቱን ሳሰላስለው ያደርኩትን ዓረፍተ ነገር ለቀቅሁት፦ «ኢፍ አይ ዌር ዘ ፐርሰን ሁ አፕሩቭስ ዘ ፐርቸስ፣ አይ ዉድ ሳይን ኢት ቱዴይ።» ግዢውን የሚያጸድቀው ሰው እኔ ብሆን ዛሬውኑ እፈርም ነበር፣ ነው ነገሩ። ሁለት ወጥመድ አለበት፤ አንዱ ጋ «ሁ»፣ አንዱ ጋ «ዌር»። ሁለቱንም ዘለልኳቸው። በሆዴ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ግዢውን የሚያጸድቁት ሰው ደግሞ አለቃችን ናቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይ ምን?» አሉኝ።

«አይ ዌር።»

«አይ ዋዝ ነው የሚባለው። ዌር ለብዙ ሰው ነው። አንተ አንድ ሰው ነህ።» ትንሽ አሰቡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወይስ ራስህን አንቱ ማለት ጀመርክ?»

ቤቱ ፈረሰ። የፋይናንሷ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ቀና ስትል «ጃንሆይ እንኳን ስለራሳቸው ‹እኛ› ነበር የሚሉት፣ አንቱስ አላሉም» ብላ እንደገና ተደፋች። ቁልፍ ሊያስረክብ ብቅ ያለው ሾፌር፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ በሩን ይዞ ሳቀ።

ይኼኔ ፈረንጇ ከኔትወርክ ተመለሰች። ምን እንዳሳቀን ጠየቀች። አለቃችን «ሂ ሴድ አይ ዌር» ብለው አስረዷት። ተስፋዬ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሆነ። የቋንቋው ባለቤት መጣች፣ አሁን ፍርድ ይሰጣል አልኩ። እሷ ፈገግ አለችና «ኢፍ አይ ዋዝ ዜር፣ አይ ዉድ ላፍ ቱ» ብላ ማይኳን ዘጋች።

ኢፍ አይ ዋዝ! አለቃችን ወደ እኔ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸው» ነው።

ማታ ስፈትሽ ሁለቱም ትክክል ነው። ላልሆነና ለማይመስል ነገር ሲሆን፣ መደበኛ ጽሑፍ ላይ «ዌር» ይመረጣል። አፍ ላይ ግን ፈረንጁ ራሱ «ዋዝ» እያለ ይኖራል። ይሄን ማን ነገረን? ሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፍለው ነው ያስተማሩን። ታይፕ ዋን ሊሆን የሚችለው፤ ከዘነበ እቀራለሁ። ታይፕ ቱ ሕልሙ፤ ሀብታም ብሆን ፎቅ እሠራ ነበር። ታይፕ ስሪ ያመለጠው፤ ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር። ታይፕ ቱ ላይ ሲደርሱ «ለአይም ቢሆን ዌር ነው» ብለው በጠመኔ ደግመው አሰመሩበት። እኔ ያችን መስመር አምኜ ነው ለፈተና የተቀመጥኩት። ዛሬ ገላዬን ስታጠብ የምናገረው በሙሉ ታይፕ ስሪ ሆኗል። «እንዲህ ብያቸው ቢሆን ኖሮ...»

ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ስሜ ጠፋ። በማግስቱ ግቢው በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳኝ። ሻይ የምታፈላልን ልጅ «ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አለችኝ፤ ዓይኗን ሰብራ። ኮሪደር ላይ ሰው ግድግዳ ተለጥፎ ያሳልፈኛል። ምሳ በልተን ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። «አንቱ እያሉ ማን ደፍሮ ኪሱ ይገባል?» ክብሩ ገንዘብ ማስወጣት ጀመረ። ለሠርግ መዋጮ ሲሰበሰብ ስሜን ከአለቃችን ቀጥሎ አገኘሁት፤ ብሩም በዚያው ልክ።

አንዷ የሥራ ባልደረባችን ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ዳቦ ተደፋ። «አንቱ ይባርኩልን» ተባለ። ቀልድ ነው ብዬ ስስቅ ሁሉም ተነስቶ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ሠላሳ አልሞላኝም። ጢሜ እንኳን አንድ ጎን ላይ አልበቀለም። ምን ላድርግ፣ መረቅሁ። «ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።» «አሜን!» የአሜኑ ጉልበት አስፈራኝ። አለቃችንም አሜን ብለዋል።

ይህ ሳያንስ ከቢሮ ወጣ። የአይቲው ልጅ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ቆመን ስንንገላታ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ «እባካችሁ ለእሳቸው ቦታ ልቀቁላቸው!» አለ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ደንግጣ ተነሳች። አሞኝ መስሏታል። እውነቱን ልንገራችሁ? ተቀመጥኩ።

በንዴት የቋንቋውን ታሪክ ሳነብ ያገኘሁትን ብታዩ። እንግሊዝኛም እኮ አንተና አንቱ ነበረው። ለቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለብዙና ለሚከበር ሰው «ዩ» ይባል ነበር። «ዛው» ቀስ በቀስ ከአፍ ጠፋና ሁሉም «ዩ» ሆነ። ለዚህ ነው ለአንድ ሰው «ዩ ዌር» የሚባለው፤ «ዌር»ን አንድ ሰው ላይ ካየነው ቆይተናል ማለት ነው። እንግሊዝ ውሻውንም አንቱ እያለ ነው የሚኖረው! ይሄን ሁሉ ለአይቲው ልጅ በዝርዝር አስረዳሁት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና «ገባኝ፣ አንቱ» አለኝ።

እኔን ያረሙኝ ሰውዬ ራሳቸው ግን ምን እንደሚጽፉ ማን ይንገራቸው? «ሁም» የ«ሁ» አክብሮት ይመስላቸዋል። የምሬን ነው። ደብዳቤያቸው ላይ ለጋሾች «ዘ ዶነርስ ሁም ጌቭ አስ ፈንድ» ናቸው። ከሚኒስቴር የመጣ እንግዳ «ዘ ጌስት ሁም ቪዚትድ አስ» ነው። ጥበቃው ሲሆን ግን «ዘ ጋርድ ሁ»። ደሞዝ ሲጨምር «ም» ይጨመርለታል። ከየት እንዳመጡት ገምቻለሁ። እኛ አገር «ሁም»ን የምናየው የሥራ ልምድ ወረቀት አናት ላይ ነው፦ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን»። ማህተም ባለበት ወረቀት ላይ ብቻ ብቅ የሚል ቃል፣ አንቱ ቢመስል አይፈረድም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ድርጊቱን የሚፈጽመው ሰው «ሁ» ነው፣ ሚኒስትርም ይሁን ዘበኛ። «ሁም» የሚመጣው «ማንን» እና «ለማን» ስንል ነው። እሱንም ፈረንጁ እየተወው ነው።

ደግሞ አንድ ቀን አስተዳደር ክፍል «ስታፍስ ዊች ካም ሌት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። አንዱ በቀይ እስክሪብቶ «ሠራተኛ ዕቃ ነው ወይ?» ብሎ ጻፈበት። ሁሉም ፎቶ አነሳው። እዚህ ላይ እኔ ከለጣፊው ጎን ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ አባታችን ሆይን «አወር ፋዘር ዊች አርት ኢን ሄቨን» ነው የሚለው። የሰማዩ አባት «ዊች» ከተባለ አርፍዶ የሚመጣ ሠራተኛ ምን ቤት ነው? የዘንድሮ ፈተና ላይ ግን አክብቡት እንዳትሉ። ማርክ ያስቆርጣል።

ለማንኛውም ሥራ ልቀይር ተነሳሁ። ማመልከቻ አስገብቼ የሥራ ልምድ ጠየቅሁ። አለቃችን «አንተንማ ራሴ ነኝ የምጽፍልህ» አሉ። ደስ አለኝ። ወረቀቱ ሲሰጠኝ ሁለተኛው መስመር ላይ «ሂ ኢዝ ኤ ፐርሰን ሁም ወርክስ ሃርድ» ይላል። ወደ ቢሯቸው ሮጥኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ጋ ‹ሁ› ቢሆን...»

ፊታቸው ላይ ቅያሜ አየሁ። «መጀመሪያ ‹ሁ› ብዬህ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ልፋትህን ሳስበው ዝም ብዬ ላልፍህ አልቻልኩም።»

ከልባቸው ነው። ሰው ሲያከብርህ ምን ትለዋለህ? አመስግኜ ወጣሁ። ማህተሙም ልክ «ሁም» ላይ ነው ያረፈው፣ ደምቆ።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ። እስክሪብቷቸው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው በርኅራኄ አዩኝ።

«የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንግዲህ» አሉኝ፣ «አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ራሱ ጽፎት ነው አለቃው የሚፈርመው፣ አይደል?»