የጠበበው ካሮቲድ

ልጁ 4 ዓመቱ፣ ክብደቱም 15 ኪሎ ነበር። ሦስት ቀን አተኩሶታል፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሀጩ ይዝረከረካል፣ አንገቱንም አላዞርም ብሏል። እናቱ "እንጥሉ ወርዶበት ነው" ብላ ነበር ያመጣችው፤ ደግነቱ አላስቆረጠችውም። በጎን በተነሳው ራጅ በሁለተኛው የአንገት አጥንት ፊት ያለው ሥጋ 12 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ7 ካለፈ ያጠራጥራል፤ ልጅ እያለቀሰ ወይም አቀርቅሮ ከተነሳ ግን የጤነኛውም ወፍሮ ይታያል። ስለዚህ በኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር ተሰጥቶ ሥሮቹን በሚያደምቅ ፈሳሽ፣ ሲቲ ስካን ታዘዘ።

ማታ የወጣው ንባብ ሁለት አስደንጋጭ ነገር ይዞ ነበር፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ደም ቅዳ፣ የግራው ካሮቲድ፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ከጭንቅላት ደም በሚመልሰው በግራው ጀጉላር ደም መልስ ውስጥም ደም ረግቷል የሚል። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ከጉሮሮው ጀርባ የቋጠረውን መግል የማፍሰሱን ሥራ አቆመው። ደም ማቅጠኛ ይጀመር አይጀመር የሚለው ክርክር ሌሊቱን ጨረሰ።

ጠዋት ምስሉ በ1 ሚሊ ሜትር ቁራጭ እንደገና ተነበበ። ኮንትራስቱ በኪሎ 2፣ በድምሩ 30 ሚሊ ሊትር ተሰጥቷል፤ ልክ ነው። ስካኑ የተጀመረው ግን በ25ኛው ሰከንድ ነው። ያኔ ደም ቅዳዎቹ ሞልተዋል፣ ደም መልሶቹ ገና ናቸው፤ ኮንትራስት ያልደረሰው ደም ጠቁሮ የረጋ ይመስላል። የቀኙም ጀጉላር በግማሽ ብቻ ነበር የሞላው፤ ሌሊት ማንም ልብ አላለውም። መግል ሲፈለግ 60 ሰከንድ ገደማ መጠበቅ ይገባል፤ የመግሉ ጠርዝ የሚደምቀውም ያን ጊዜ ነው። ልጁን ድጋሚ ለጨረር ማጋለጥ አላስፈለገም። የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ደም መልሱ ሲጫኑት ይከደናል፣ ደሙም ይፈሳል።

ካሮቲዱ በእውነትም ጠቧል። በአንድ ከፍታ፣ ከቧንቧው አግድም ሲለካ ቀኙ 4.5፣ ግራው 2.9 ሚሊ ሜትር ነው። ጥበቱ ግን ለስላሳና ረዥም፣ ቀስ እያለ የሚከፈት ነው፤ የመሰንጠቅ ምልክት የሆነው፣ ውስጡ የተንጠለጠለ ሽፋን የለም። በልጆች ጥልቅ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። ብግነቱ ዙሪያውን ሲደርስ ደም ቅዳው ይኮማተራል፣ እብጠቱም ይጫነዋል። አብዛኞቹ ልጆች የአንጎል ምልክት አያሳዩም፤ ኢንፌክሽኑ ሲድን ቧንቧውም ወደ ልኩ ይመለሳል። የዚህ ልጅ እጅና እግር በሁለቱም ጎን እኩል ይንቀሳቀሳል፤ የግራ ዐይኑ ቆብ አልወረደም፣ ብሌኑም አልጠበበም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ተበልቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ። ያንን ስለት ቢነካው ደሙን ማቆም እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ "ጠቧል" ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ "ፊኛ የለም" ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካሮቲዱ ከመግሉ በየትኛው ጎን እንዳለም እንዲሁ። እዚህ ላይ መግሉ ከጉሮሮው ጀርባ ሆኖ ካሮቲዱን ወደ ውጭ ገፍቶታል፤ ሐኪሙም በአፍ በኩል ገብቶ በደኅና ሊከፍተው ቻለ። 8 ሚሊ ሊትር መግል ወጣ። ለእናቲቱ ከአፉ ወይም ከጆሮው ጥቂትም ቢሆን ደም ካየች ሳታድር እንድትመጣ ተነገራት፤ ፊኛው ዘግይቶም ሊፈጠር ይችላል።