የቻይና ቤቶችና የቺሊ ብረት

ስለ ቻይና ኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ሲወራ የሚቀድመው የዕድገት አሃዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ14 በመቶ በላይ ነበር፣ በ2023 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ብድር መገምገም ሥራዬ ስለሆነ ይመስለኛል፣ እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ የቤት ገዢዎቹ ጉዳይ ነው።

እዚያ አፓርታማ በአብዛኛው የሚሸጠው ገና ሳይሠራ ነው። ገዢው ከባንክ ተበድሮ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ብዙ ገንቢዎች በዚያ ገንዘብ ሌላ መሬት ይገዙበት ነበር። መንግሥት በ2020 «ሦስቱ ቀይ መስመሮች» በተባለው ደንብ የገንቢዎችን ብድር ሲገድብ ዑደቱ ተቋረጠ። ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የተሸከመው ኤቨርግራንዴ የተባለ የቤት ገንቢ ኩባንያ በ2021 መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ አዘዘ። በ2022 ደግሞ በጂንግደጀን ከተማ ቤት ገዢዎች «ግንባታው ካልቀጠለ ብድሩን አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ አወጡ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ላልገቡበት ቤት በየወሩ መክፈል! አልፈርድባቸውም።

ቤት ካልተሠራ ብረት አይፈለግም፤ የማዕድኑን ሻጮች አውስትራሊያንና ብራዚልን ያሳሰባቸው ይኸው ነው። የከበደኝ ግን የቺሊው ነው። የቻይና ፋብሪካዎች ማምረታቸውን ስላላቆሙ አገር ውስጥ ገዢ ያጣው ብረት ወደ ውጭ ጎረፈ፤ በ2024 ብቻ ከ110 ሚሊዮን ቶን በላይ። በታልካዋኖ ያለው የዋቺፓቶ ብረት ፋብሪካ ዋጋውን መቋቋም አልቻለም። የቺሊ መንግሥት ቀረጥ ቢጥልም አላዳነውም፤ በዚያው ዓመት ምድጃውን አጠፋ።

የብድር ገደቡ ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን አስቀድመው የከፈሉት ሰዎች ገንዘብ በጥብቅ ሳይጠበቅ መቆየቱ ከባድ ጥፋት ነው።