ጀልባ ላይ ወጥ መሥራት

ባሕር ዳር መጥቶ የተጠበሰ አሳ የበላ ሰው አሳ አጥማጅ መሆኔን ሲሰማ የሚለኝ ነገር ያው ነው። «እናንተማ ሐይቁ ላይ ሆናችሁ ትኩስ ትኩሱን እያወጣችሁ ነዋ የምትበሉት!» እኔም እስቃለሁ። እኔ የማውቃቸው ጣና ላይ የሚያድሩ ልጆች ዋና ስንቃቸው በሶ ነው። በሶ ካልሆነ ደረቅ ዳቦ። አሳ በሞላበት ጀልባ ላይ ተቀምጦ በሶ መበጥበጥ ለሰሚ ግራ ነው፤ ግን ምክንያት አለው። ትንሽ ጀልባ ላይ እሳት ማንደድ ቀልድ አይደለም።

እኛ ጀልባ ላይ ግን ይነድዳል። የጀልባዋ ባለቤት፣ አያ የምንለው፣ «ሌሊት 11 ሰዓት መረብ የሚስብ ሰው ሆዱ ቀዝቃዛ ከሆነ እጁም አይሠራም» ባይ ነው። ምግብ አብሳዩ ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፤ ከመሃላችን በዕድሜ ትንሹ እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ወጥተን መረብ እንጥላለን። መረቡ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ሌሊት እንስበዋለን። ቅርብ ከሆንን ቤታችን ገብተን እንተኛለን። ወደ ደቅ ደሴት በኩል ራቅ ካልን ግን ለመመላለስ ነዳጁ ስለማያዋጣ እዚያው ጀልባው ላይ እናድራለን። ታዲያ ዳር ወጥታችሁ ለምን አታበስሉም የሚል አለ። ዳሩ ብዙ ቦታ ላይ ደንገልና ጭቃ ነው። ደረቅ ቦታ ቢገኝም ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃ የሚወጣው በዚያው ነው። ድስት ጥዶ ጉማሬ መጠበቅ አያስኬድም።

የድሮዎቹ በታንኳ ሲሠሩ ይህ ጥያቄ ራሱ አልነበረም። የደንገል ታንኳ ላይ እሳት ማን ያነዳል? ለአሳ ሥራ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ሞተሩ ሲመጣ ራቅ ብሎ መሄድ መጣ። ራቅ ብሎ መሄድ ሲመጣ ማደር መጣ፣ ማደር ሲመጣ ደግሞ እራት።

ሞተሩ ግን ቤንዚንም ይዞ መጣ። ዋናው ጣጣ ይሄ ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ አይጠፋም፤ ቁልቁል ወርዶ የጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። ክፍት ጀልባ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል ብሎ መዘናጋት የለም። ጎኖቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ወለሉ ላይ ነፋስ ብዙም አይደርስም። ስለዚህ ቤንዚንና ዘይት የምንቀላቅለው መሬት ላይ ሆነን ነው። ጀሪካኑ ተከድኖ ከኋላ ሞተሩ ዘንድ ይቀመጥና እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። እሳት ከመለኮሱ በፊት ደግሞ አያ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ይንበረከክና አፍንጫውን ወደ ሳንቃዎቹ ስንጥቅ አስጠግቶ ያሸታል። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት እየዳኸ። መጀመሪያ ያየው ሰው የሚጸልይ ነው የሚመስለው። ትንሽ እንኳ ከሸተተው «ዛሬ በሶ ነው» ይላል፣ አለቀ። ማንም አይከራከረውም።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ግድም ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል፣ አጭር አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ድስት የሚያስተርፍ ዓይነት። ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ እኛ መረብ ጥለን ጨርሰን፣ ፀሐይ ጠልቃ፣ ነፋሱ ሲበርድ ነው ምድጃ የምናወጣው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። መልህቅ ከፊት ከተጣለ ጀልባው ራሱ ዞሮ ፊቱን ለነፋስ ይሰጣል። ስለዚህ ነፋሱ የሚነፍሰው ከፊት ወደ ኋላ ነው። እሳት ከነዳጅ ይራቅ ተብሎ ምድጃው ፊት ላይ ቢቀመጥ ፍንጣሪው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ጀሪካኑ ነው። ከኋላ ይቀመጥ እንዳይባል ማዕበሉ በሞተሩ በኩል ዘሎ ይገባል። እኛ ያገኘነው መላ ምድጃውን ከመሃል ትንሽ ወደ ፊት አድርጎ፣ ከዘይት ቆርቆሮ በተሠራ መከለያ ፊቱንም ጀርባውንም መያዝ ነው። ከፊት ያለው ነፋስ ይከላከላል፣ ከኋላ ያለው ፍንጣሪ ይይዛል።

ምድጃው ላቀች ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ጥቂት ከሰል ይበቃዋል፤ አፉም ጠበብ ስላለ ድስት ይይዛል። የቆርቆሮ ምድጃ ቀላል ነው ግን በዚያው ልክ ይገለበጣል። ላቀቹን አሸዋ የተሞላ ትልቅ ጎድጓዳ ብረት ውስጥ ግማሽ ድረስ ቀብረነዋል። አሸዋው ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ምድጃውን ያቆማል፣ የጀልባው ወለል እንዳይግል ይከላከላል፣ ክፉ ነገር ከመጣም ቤንዚን የያዘውን እሳት በውሃ ማጥፋት ስለማይቻል እሱ በእጅ አለ። በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ጀልባው ሙሉ ማዳረስ ነው። የድስቱ ሁለት ጆሮ ደግሞ በሽቦ ከመቀመጫው ጋር ይታሰራል። ድስቱ ጠለቅ ያለ ብረት ድስት ነው፣ ከግማሽ በላይ አይሞላም። ሸክላ ድስት የሚያምር ወጥ ይሠራል፣ አውቃለሁ፤ ግን በአንድ ማዕበል ገል ነው።

ዝናብ ከመጣ እሳት የለም። ሸራ ዘርግቶ ከሥሩ ከሰል ማንደድ ራስን መግደል ነው። ከሰል አይጨስም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ስንት ሰው ቤቱን ዘግቶ ከሰል እየሞቀ እንቅልፍ እንደወሰደው ቀረ። ሸራም ያው ቤት ነው።

አሁን ወደ ወጡ እንምጣ። ምስጢሩ ቁሌቱ ነው፤ ቁሌቱ ደግሞ የሚሠራው ቤት ነው። ሽንኩርት ጀልባ ላይ ማቁላላት ማለት አንድ ሰዓት ከሰል መጨረስ፣ ዘይት እያንጣጣ እጅ መፍጀት ማለት ነው። እናቴ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልታ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራ፣ ውሃው እስኪመጥ አብስላ በክዳናም ዕቃ ትሰጠኛለች። ቅቤ አይገባበትም። ጾም ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የአሳ ነገር በጾም እንደሚያከራክር አውቃለሁ፤ እኛ ጀልባ ላይም የማይበላ አለ፣ እሱ ሽሮ ይሠራለታል። ሁዳዴ ላይ ግን ገበያችን የሚደራው በአሳ መሆኑን ማንም ያውቃል፣ ስለዚህ ማንም ማንን አይመክርም።

ሽሮ በነገራችን ላይ ለጀልባ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። ክፋቱ መፈንዳቱ ነው። ፕች ፕች እያለ ክንድ ላይ ያርፋል፣ ጀልባው እየተወዛወዘ ደግሞ ወዴት ይሸሻል? ቀጠን አድርጎ መሥራት ነው። ምስርና ክክ ግን አይሞከሩም። ጣና ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥራጥሬ ይዘገያል። ከሰሉ አልቆ ክኩ ጥሬ ይሆናል።

አሳው ቆሮሶ ቢሆን እመርጣለሁ። ሥጋው ጠንከር ይላል፣ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ በጨለማም ጣት ያገኘዋል። ነጭ አሳ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን በሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጭን ሹካ ሹካ አጥንት አለው። እሱን በባትሪ መብራት መብላት ጉሮሮን ለአደጋ መስጠት ነው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ነው። ለሚበላው ግን የቆዳው ዝልግልግ አስቸጋሪ ነው፤ ከእጅ ያዳልጣል። ዘዴው አመድ ነው። የትናንቱን የከሰል አመድ ቆዳው ላይ በደንብ ማሸት፣ ዝልግልጉ ከአመዱ ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ከዚያ ማጠብ። አመዱን ለዚህ ስል አስቀምጠዋለሁ፤ ድስትም ይፈገፈግበታል።

ቁሌቱ ላይ ውሃ ጨምሬ አፈላለሁ። ውሃው ከሐይቁ ነው፣ ግን ከዳር ሳይሆን ከመሃል የተቀዳ፣ በደንብ መንተክተክ አለበት። ጨው። ከዚያ አሳው ከነአጥንቱ በሁለት በሦስት ተቆርጦ ይገባል። ከገባ በኋላ ማንኪያ አይነካውም። ካማሰሉት ይፈርሳል፣ ወጡ ገንፎ ይሆናል። ማማሰሉን ጣና ራሱ ይሠራዋል። አሥር ደቂቃ ግድም ይበቃል፤ የዓይኑ ቀለም ነጭ ሲሆንና ሥጋው ከአከርካሪው ሊላቀቅ ሲል ወዲያው ይወርዳል። ሁለት ካሪያ ሰንጥቄ ጣል አደርግበታለሁ።

ጥብስ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሴ አይሆንም ነው። የፈላ ዘይት፣ ክፍት እሳትና ማዕበል አንድ ላይ? ጥብስ ያማረው ባሕር ዳር ሲገባ ከፍሎ ይብላ።

እንጀራው በአገልግል ይመጣል። ሁለተኛ ቀን ከሆነ ድርቆሽ ነው፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ይጥማል። የተረፈው መረቅ ማለዳ ይሞቅና ድርቆሹ ይነከርበታል። መረብ ስቦ እጁ የደነዘዘ ሰው ያን ፍርፍር ሲጎርስ ማየት ነው። መጀመሪያ ማንም አያወራም። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የመረብ መቀደድ፣ የእንቦጭ፣ የነዳጅ ዋጋ ወሬ የሚጀመረው።

አበላሉም ሥርዓት አለው። ትሪው መሃል ነው፣ ሰው በሁለት ጎን እኩል ይከፈላል። ሽታው የሳበው ሁሉ በአንድ ጎን ከተጠጋ ጀልባው ያዘነብላል። «አንተ! ወደዚያ ተቀመጥ፣ ሚዛኑን አበላሸኸው!» የሚለው የአያ ጩኸት የእያንዳንዱ እራት አካል ነው። ጉርሻም የሚሰጠው ሳይቆሙ ነው። አጥንቱ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ እጅ በሎሚ ይታሻል።

ቡናው ላይ ግን ከአያ ጋር አልተስማማንም። ጀበና ቂጡ ክብ ነው፣ አንገቱ ረጅም ነው፣ ለጀልባ የማይሆን ዕቃ ቢኖር እሱ ነው። እኔ ቡናውን ቂጡ ሰፋ ባለ ማንቆርቆሪያ አፍልቼ በፔርሙዝ እይዛለሁ። እሱ «ይሄማ የቡና እጣቢ ነው» ይላል። ሰሞኑን መቀመጫው ላይ በመጋዝ ክብ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ማቶቱን እዚያ ውስጥ እመርግበታለሁ ብሎ ተነስቷል። ውሃ ይገባበታል ብዬ ነበር። ጀልባውም መቀመጫውም የሱ ስለሆነ ዝም አልኩ፤ መጋዙንም አምጣ ያለው እኔን ነው።