ከለገሃሩ ጀርባ ያለው ወርክሾፕ

ድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከዚራ ሰፈርን ይወዳታል። በዛፍ ጥላ ይሄዳል፣ ለገሃሩ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ቀፊራ ገበያ ይሻገራል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ዘመድ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው የባቡር መጠገኛ ወርክሾፕ ነው። ድሬ የተሠራችው እዚያ ነዋ!

ባቡሩ ባይመጣ ድሬ ከተማ አትሆንም ነበር። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ተራራው ሥር ሲደርስ ግን ነገሩ ከበደ። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ያንን ዳገት በባቡር መውጣት የማይቻል ወጪ ሆነ። ስለዚህ ሐረር ቀረችና ጣቢያው ቆላው ላይ ተተከለ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። ከተማዋንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር።

ከዚያ የባቡር ኩባንያው ከሠረ፤ ሐዲዱም ለዓመታት እዚሁ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዕቃው ድሬ ላይ እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ነጋዴው እዚህ የከተመው ለዚህ ነው። ከዚራ የኩባንያው ሰፈር ስለሆነች መንገዷ ቀጥ ያለ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ደግሞ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ዓረቡና ሕንዱ እንደተመቸው የሠራው ጠመዝማዛ ሰፈር ታገኛላችሁ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። በ1998 ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲያጉረመርም እንቅልፍ የማይወስዳቸው እናቶች አሉ።

ወደ ወርክሾፑ ልመለስ። የእናቴ አባት ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት እዚያ ነው፣ ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ላይ። አባባ ቤት ሲገቡ እጃቸውን በሳሙናና በአሸዋ ያሻሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ግን አይለቅም ነበር። ሲቆጥሩ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥሩት። የድሮ የምድር ባቡር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ሥራው በፈረንሳይኛ ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ አንድ የነሐስ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ነበረን። የውስጡን ልስላሴ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ ያሳዩን ነበር። ጥፍር ከያዘ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ካሊበሩን (መለኪያውን) የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይሄን ያህል ጥንቃቄ ያለምክንያት አልመጣም። ሎኮሞቲቮቹ እያረጁ ሲሄዱ መለዋወጫ ከፈረንሳይ ማግኘት ከባድ ሆነ። ስለዚህ ብረቱ እዚሁ ይቀልጣል፣ እዚሁ ይቀረጻል፣ እዚሁ ቶርኖ ላይ ይላጣል። ባቡሩን ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው ይሄ ነው። ዛሬም ብትገቡ ማሽኖቹ በየቦታቸው ቆመዋል። ገላቸው ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ስም በጉልህ ይነበባል። ባለፈው ያስጎበኙን ጋሼ አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ዘይቱን አትርሱለት እንጂ ይሄ ከኔ በላይ ይኖራል፣ አቦ» አሉን።

አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ሆነ። ሐዲዱም ሌላ ነው፤ የድሮው ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የእኛ ሎኮሞቲቮች እዚያ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሱን አልቃወምም፤ አገር ይጠቅማል። የሚቆጨኝ ስለ ቅርስ ሲወራ ሁልጊዜ የሕንጻው ፊት ብቻ መነሣቱ ነው። ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ማሽኑን አስነሥቶ ብረት የሚልጥበት ሰው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች አንድ ክረምት እንኳ እነዚህ አባቶች ሥር ቢገቡ ብዙ ነገር ይተርፋል። ያን ያህል ገንዘብም አይፈልግም።

ለመጎብኘት ያሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ የድሬ ፀሐይ አትቻልም። በር ላይ ፈቃድ ጠይቁ። የሚያስጎበኟችሁን ሰው አታጣድፉ፤ ስለ ሊቶሪናዋ (የራሷ ሞተር ስላላት የመንገደኛ ባቡር) ጠይቋቸው፣ ወሬው ይመጣል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ የምድር ባቡር ልጆች ደግሞ፣ የአባታችሁ የሥራ ደብተር፣ ፎቶ ወይም መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ካለ እባካችሁ እንዳትጥሉት። ከጀርባው ስማቸውንና የሠሩበትን ክፍል ጻፉበት፤ ቶርኖ ይሁን ማቅለጫ፣ ሾፌር ይሁኑ ሐዲድ ጠጋኝ።