የገብርኤል ማኅበራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ

እናቴ ጉልበቷ አስቸግሯት የማኅበር ቦታዋን ለእኔ አወረሰችኝ። ማኅበሩ የካዛንቺስ ሰዎች ከእኔ ዕድሜ በላይ ይዘውት የቆዩት የገብርኤል የጽዋ ማኅበር ነው። ገና ወንበሬን ሳላሞቅ «አንተ ልጅ፣ መቼም ጽሕፈት አያቅትህም» ተባልኩና መዝገቡ እጄ ላይ ወደቀ። መዝገቡን የያዘ ደግሞ መዋጮውንም ይይዛል፤ መዋጮውን የያዘ እርዳታው የት ይሂድ የሚለውንም ይጠየቃል። እንግዲህ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ያየሁትን በየወሩ ስጫጭር ነበር። እንደ እኔ የወላጆቹን ማኅበር ተረክቦ ግራ የገባው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ማኅበር ለማያውቅ ባጭሩ፦ ወር በገባ በ19 እንሰበሰባለን። ተረኛው ይደግሳል፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ አቅም ካለ ወጥ። የንስሐ አባታችን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ሸክላ ጽዋ በየተራ ይቀመሳል። ሰብሳቢውን «ሙሴ» እንለዋለን። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በእልልታ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። እድር ለሞት ነው፣ እቁብ ለኪስ ነው፤ ይሄ ግን ሰው ሳይታመምም ሳይሞትም ወር ጠብቆ የሚተያይበት ነው። ደጅ ላይ ለሚጠብቁ ነዳያን ሳይሰጥ ማኅበር በላን አይባልም።

መስከረም

ካዛንቺስ በ2017 ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ማኅበርተኛው ተበተነ። ብዙው ገላን ጉራ ገባ። ቀድሞ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ቦሌ አራብሳ ነበሩ። ግቢ ገብርኤል አካባቢ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ድሮ ከቤት ቤት በነጠላ ጫማ ይኬድ የነበረው አሁን ሁለት ታክሲ ሆነ።

ስለዚህ መዋጮው በቴሌብር ይላክ ተባለ። ቴሌብር በ2013 ቢጀመርም እኛ ማኅበር የደረሰው ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ ነው። እናቶቻችን መጀመሪያ ፈሩት። አንዷ «ብሩ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው አስተማረቻቸውና ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ቀድመው የሚልኩት እሳቸው ሆኑ። ገንዘብ መሰብሰብ ቀለለ። ማንንም «የባለፈው ወር ይቀርዎታል» ብዬ ፊት ለፊት ማሳፈር ቀረልኝ፤ ለዚህ ብቻ እንኳን ቴሌብርን አመሰግናለሁ።

ለመዝገብ ያዦች አንድ ምክር፦ የደረሰኝ መልእክቱን ብቻ አትመኑ። ስሙን፣ ቀኑንና የየትኛው ወር መዋጮ እንደሆነ የዚያኑ ዕለት በእጅ ጻፉ። በልጅ ስልክ የሚልኩ አሉ፣ የሁለት ወር አንድ ላይ የሚልኩ አሉ፣ ለእድር ብለው ለማኅበር የሚልኩም አሉ።

ጥቅምት

19 ረቡዕ ዋለ። ጾም ነው፣ የሥራ ቀንም ነው። መዋጮው ሞልቶ ገባ፤ ሰው ግን ግማሽ እንኳን አልመጣም። ተረኛዋ የጋገሩት ዳቦ ተርፎ ለጎረቤት ተከፋፈለ። ከምግቡ በኋላ ሙሴያችን «ገንዘቡን ለነዳያን ማን ይዞ ይሄዳል?» ሲሉ አንድም እጅ አልወጣም። የላኩት የሉም፣ የመጡት ደክሟቸዋል። ሒሳቡ እኔ ጋ ተቀመጠ፣ የሚሄድበት ግን ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ እርዳታ የምንለው ነገር የሚቆመው በብሩ አይደለም። ዳቦው ተቆርሶ ቡና እስኪፈላ ድረስ «እገሌ እኮ ታመመ»፣ «የእገሊት ልጅ ትምህርት ልታቋርጥ ነው» እየተባለ ነው ወሬው የሚመጣው። ከወሬው ደግሞ የሚሄድ ሰው ይወጣል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይሄ አይሆንም። እዚያ «አሜን» እና የአበባ ሥዕል ነው የሚበዛው።

ቀኑን ወደ እሁድ እናዙረው የሚል ሐሳብ መጣ። ወጣቶቹ ደገፉ። እናቶች «ገብርኤል በ19 ነው፣ ለታክሲ ተብሎ አይዞርም» አሉ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተስማማነው፦ ጽዋ በ19 ይነሳል፣ የመጣው ይምጣ። ጥየቃ ደግሞ ቀጥሎ ባለው እሁድ ይሆናል።

ኅዳር እና ታኅሣሥ

ለሚደግስ ሰው አንድ ነገር ላካፍል። የ19 ማኅበር ያለው ሰው ኅዳር፣ ታኅሣሥና መጋቢት ሁልጊዜ ጾም ላይ እንደሚወድቁበት ይወቅ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። መጋቢት 19 ደግሞ ፋሲካ ቢፈጥንም ቢዘገይም ከዐቢይ ጾም አይወጣም። የካቲት፣ ሚያዝያና ሰኔ እንደየዓመቱ ነው። ይሄን መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ተረኛ ሲመደብ አቅም የሌለው ሰው የጾም ወር ላይ ቢገባ ወጪው ይቀልለታል፤ ማንም ሳያውቅበት። ሙሴያችን ይሄን ሲያዩ «ጸሐፊ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝና ደረቴ ተነፋ።

ታኅሣሥ 19 እሁድ ዋለልን። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ዓመታዊ በዓል ስለሆነ የጠፋው ሁሉ መጣ። ጠዋት ግቢ ገብርኤል አስቀድሰን፣ እዚያው አቅራቢያ ግቢ ያለው ቤት የቀረላት ማኅበርተኛ ጋ ተሰባሰብን። የዓመቱ እርዳታ የት ይሂድ ተባለ። መቄዶንያ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ አያት ሄዶ አረጋውያንን መመገብ ብዙ ማኅበር የሚያደርገው ነው፣ ደስ ይላል። ሌሎቹ ጥቁር አንበሳ ይሁን አሉ። እዚያ አስታማሚ ሆና የከረመች አንዲት ማኅበርተኛ ነበረችን፤ ወንድሟን ለጨረር ሕክምና ይዛ ተመላልሳለች። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ እዚያ ብቻ ስለነበር ከየክፍለ ሀገሩ ታማሚ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። «ለታማሚው ሁሉም ያስባል፣ አስታማሚውን የሚያየው የለም» አለችን። ተወሰነ።

ያ እሁድ ዳቦና ቆሎ በዘንቢል፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን ሄድን። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡት መካከል አንዲት ከወሎ የመጡ እናት ነበሩ። ዳቦውን ተቀብለው መረቁን። ከዚያ ከእኛ ማኅበር አንዷ እናት አጠገባቸው ቁጭ ብለው «እስቲ ምን ቸገረሽ እህቴ?» ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው የጠፋ ኖኪያ ስልክ አወጡ። «ዳቦውስ አይጠፋም፣ ይሄ ነው የጠፋብኝ» አሉ። ቻርጀሩ አገር ቤት ቀርቷል። ባለቤታቸው ልጁ ይዳን አይዳን ሳያውቅ ቀናት አልፈዋል።

ከማኅበርተኞች አንዱ ሮጦ ቀጭን ጫፍ ያለው ቻርጀር ገዛ። ከጥበቃው ክፍል ሶኬት ለመንን። ስልኩ ሲበራ ሴትዮዋ አገር ቤት ደወሉ። እኛም ዘንቢሉን ይዘን ዞር አልን፤ የባልና ሚስት ወሬ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘንቢላችን ውስጥ ያለው ነገር ተቀየረ። ዳቦው አለ፣ ግን አነሰ። ሁለት ፓወር ባንክ ገዛን፤ ቀጭኑም፣ አንድሮይዱም፣ አዲሱም ጫፍ አብሮ ያለበት ገመድ ጨመርን። የስልክ ካርድ፣ ሳሙና፣ አንድ ሁለት ነጠላ ጫማ። በፊት ለዳቦ ብቻ ይወጣ የነበረው ብር ነው ለዚህ የዋለው፤ ተጨማሪ አልጠየቅንም።

ወደዚያ ለምትሄዱ ሁለት ነገር፦ ለታማሚ ምግብ አትስጡ፤ ሐኪም የከለከለው ነገር ሊኖር ይችላል። ለአስታማሚው ብቻ ስጡ። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ጥበቃውንና ነርሶቹን አስፈቅዱ፣ ቁጥራችሁንም አሳንሱ። እኛ ከአራት ሰው በላይ አንሄድም። ፎቶ አናነሳም፤ ይሄን ሙሴያችን ገና ከበሩ ነው ያስጠነቀቁን። ማቴዎስ 10፥42 ላይ ያለውን የቀዝቃዛ ውኃ ነገር ጠቅሰው «ውኃ ያጠጣ እንጂ ፎቶ ያነሳ አይልም» አሉ።

ጥር

ተራው የእኔ ሆነ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና እያዘዘች ጠላ ጠመቅኩ። ወንድ ልጅ ጠላ ሲጠምቅ አይታ የማታውቅ ጎረቤት ሁሉ ሰበብ እየፈለገች ትገባ ነበር።

ጋኑ በወይራ መታጠን አለበት። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ወይራ ባጨስ ኮሪደሩ ሁሉ ይጮህብኛል። ስለዚህ ጋኑን ያቺ ግቢ ያላት ማኅበርተኛ ቤት አጥነን፣ አፉን በጨርቅ አስረን በባጃጅ አመጣነው። ጌሾውን ወቅጬ በውኃ ጠነሰስኩ። ጥር ሌሊቱ ይበርዳልና ጥንስሱ ዘገየ፤ እናቴ «ብርድ ልብስ አልብሰው» አለችኝ፣ አለበስኩት። ከዚያ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ገባ። ቀጥሎ እንኩሮው፤ ዱቄቱን በውኃ ለውሶ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ማመስ ነው፣ እጅ ያደክማል። ድፍድፉ አረፋ ሲያወጣ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አድርጌ አዳመጥኩት፤ ጠላ ይንሾካሾካል ሲባል እውነት ነው። ከዚያ ውኃ ተጨምሮበት አደረና ተጣራ።

ማክሰኞ ማታ ማኅበርተኛው ከሥራ መልስ መጣ። የንስሐ አባታችን ቀመሱና ዝም አሉ። ሙሴያችን ቀመሱና «ጌሾው በርትቷል፣ ልጁ ግን ሰው ሆኗል» አሉ። እናቴ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች።

የዚያን ማታ ነው ስለ መዋጮው አዲስ ሐሳብ ያቀረብኩት። ወርኃዊው መዋጮ በቴሌብር ይቀጥል። የነዳያን ብር ግን በስልክ አይላክ፤ እዚሁ ሙዳዩ ውስጥ በእጅ ይግባ። ያልመጣ አይሰጥም። አንዳንዱ ከፋው። «ገላን ጉራ ያለ ሰው ለነዳያን መስጠት ተከለከለ ማለት ነው?» አለኝ አንዱ፣ እውነቱን ነው። በተራ የሚመጣ ጎረቤት ይዞለት ይምጣ ብለን አቻቻልነው።

የካቲት እና መጋቢት

ሙዳዩ ውስጥ የሚገባው ብር በቴሌብር ይገባ ከነበረው አነሰ። አልደብቅም፣ በግልጽ አነሰ። በአንጻሩ የሚመጣው ሰው ጨመረ፣ እሁድ ጥቁር አንበሳ የሚሄድ ሰው ደግሞ መምረጥ አስፈለገን። ከሚመጡት ውስጥ አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አስታማሚዎችን የትኛው መስኮት እንደሚሄዱ፣ የትኛው ወረቀት ማኅተም እንደሚጎድለው ታሳያቸዋለች። ይሄ በብር አይገዛም። ብሩ ያነሰባት ወር እንኳን ወደ ወሎ ለሚመለሱ አንድ አባትና ልጅ የአውቶቡስ ቲኬት መቁረጥ ችለናል።

የመጋቢት ተረኛ ገላን ጉራ ስለሚኖሩ የየካቲት 19 ማታ ጽዋውን ራይድ ጠርተን ሸኘናቸው። ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር ላይ ጽዋውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በነጠላ ይዘውታል፤ ጠላው እንዳይፈስ እስትንፋሳቸውን ሁሉ ይዘዋል። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። አደባባዩ ላይ በቀስታ ይዞር ነበር። ሲያደርሳቸው ከዋጋው የተወሰነ ቀነሰላቸው፤ እሳቸውም አልቀሩም፣ «መጋቢት 19 ዳቦ ብላ» ብለው ቁጥሩን ተቀበሉት። መጥቷል። አሁን ዕጩ ማኅበርተኛ ነው። እኛ ደንባችን ላይ አዲስ ሰው ሦስት ወር ሳይቀር መምጣት አለበት የሚል አለ፤ በእሱ ግን ጥብቅ የምንሆን አይመስለኝም፣ ለጥየቃው መኪና ያስፈልገናል።

አሁን የቀረኝ የሚያዝያ ዝግጅት ነው። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ 19 በዓለ ሃምሳ ላይ ይውላል፤ ጾም የለም፣ ተረኛው በግ ሊያርድ እያሰበ ነው። ሙሴያችን የበጉ ብር ግማሹ ለአስታማሚዎች ትራንስፖርት ይሁን ብለዋል፤ ተረኛው ገና አልመለሰም። እኔ ከሙሴያችን ጋር ነኝ፣ ግን ሰው ፋሲካን ሥጋ ሳይበላ አያልፍም የሚለውም ክርክር አለው።

ቀኑን ወደ እሁድ አዙራችሁ የተሳካላችሁ ማኅበሮች ካላችሁ እናቶቹን እንዴት እንዳሳመናችሁ ንገሩኝ። እሱን ነገር ገና አልተውኩትም።